አላስካ በመርከብ፦ ከሲያትል ደርሶ መልስ ወይስ ከቫንኩቨር ወደ ሰሜን?

በየዓመቱ ይኸው ጥያቄ ይመጣል። "አላስካ በክሩዝ ልንሄድ አስበናል፣ ከሲያትል ይሻላል ከቫንኩቨር?" ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

መልሴን አላዘገይም። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነና ኪሳችሁ ትንሽ ከቻለ፣ ከካናዳዋ ቫንኩቨር ተነስቶ አላስካ ውስጥ ሱዋርድ ወይም ዊቲየር የሚባሉ ወደቦች ላይ የሚያበቃውን የአንድ መንገድ ጉዞ ውሰዱ። ከአሜሪካዋ ሲያትል ተነስቶ ወደዚያው የሚመለሰው መጥፎ ነው አልልም። ግን የማስታወቂያው ዋጋ ብዙ ሰው ሸውዷል፤ ከነዚህ አንዱ የቅርብ ዘመዴ ነው።

ይህ ሰው ቲኬቱን የገዛው በርካሽነቱ ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ "የግግር በረዶ ጉብኝት" ይላል (ግግር ማለት ከተራራ ቀስ እያለ ወደ ባሕር የሚወርድ ግዙፍ በረዶ ነው)። የትኛው ግግር? አልጠየቀም፣ የሸጠለትም ወኪል አልነገረውም። መርከቡ በማለዳ ወደ አንድ ጠባብ ፊዮርድ (በገደላማ ተራሮች መካከል ወደ ገባ የባሕር ክንድ) ገባ። ጉሙ ወርዷል። ተንሳፋፊ በረዶ መንገዱን ዘግቶታል። ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ ይቅርታ ጠይቆ መርከቡን አዞረ። አለቀ። ገንዘብ አይመለስም፤ የጉዞ መስመሩ ሊቀየር እንደሚችል ውሉ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ስለዚህ ከመርከቡ ስም፣ ከመዋኛ ገንዳውና ከምግብ ቤቱ ብዛት በፊት የግግሩን ስም ጠይቁ። መርከቦቹ ራሳቸው እምብዛም አይለያዩም፣ እሱን እዘለዋለሁ።

የግግሮቹ ልዩነት ግን ሰፊ ነው። አንደኛው ግሌሸር ቤይ ነው። ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ በቀን ከሁለት ትልልቅ የክሩዝ መርከብ በላይ አይገባበትም፤ ፈቃድ ያለው ብቻ ነው የሚገባው። የፓርኩ ጠባቂዎች በትንሽ ጀልባ መጥተው መርከቡ ላይ ይወጡና ቀኑን ሙሉ ያብራራሉ። ከመርከብ አትወርዱም (ይህን የማያውቅ ብዙ ነው፣ "ወደቡ የት ነው?" ይሉኛል)። ከባሕረ ሰላጤው አፍ እስከ ጫፉ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ እዚያ ማርጀሪ የሚባለው ግግር አለ፣ ፊቱ፣ ማለትም ውኃው ላይ የሚያበቃው የበረዶ ግድግዳ፣ ወደ ጎን አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ይሆናል። በ1700ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ይህ የምትሄዱበት ውኃ ሁሉ በረዶ ነበር። እንዲያ እያሰቡ ማየት ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው ሀባርድ ነው። ፊቱ ከ10 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አብዛኞቹ ግግሮች ወደኋላ ሲሸሹ እሱ ወደፊት ይገፋል፤ በ1986 እና በ2002 ራስል ፊዮርድን እስከ መዝጋት ደርሶ ነበር። ሰሜን ራቅ ብሎ ስለሚገኝ ለአንድ መንገድ ጉዞዎች ይቀርባል።

ሦስተኛው ወገን ትሬሲ አርምና ኢንዲኮት አርም ናቸው። ከአላስካ ዋና ከተማ ከጁኖ በስተ ደቡብ ያሉ ጠባብ ፊዮርዶች ናቸው፣ ውበታቸውን አልክድም። ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጣቸው ጥቂት ሰዓት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ወደብ ላይ መድረስ ስላለ። ትሬሲ አርም ደግሞ ኦገስት 2025 ላይ ትልቅ የመሬት መንሸራተት ደርሶበት ግዙፍ ማዕበል አስነስቷል፤ ከዚያ ወዲህ መርከቦች ፊታቸውን ወደ ኢንዲኮት አዙረዋል። ርካሽ የሲያትል ጉዞ ላይ በብዛት የምታገኙት ይህን ነው። ግሌሸር ቤይ የሚገቡ የሲያትል መርከቦችም አሉ፣ ስሙን ፈልጋችሁ አግኙ እንጂ።

ከግግሩ ፊት በረዶ ተሰብሮ ሲወድቅ ለማየት አንድ ነገር ልምከራችሁ። መጀመሪያ የምታዩት ነጭ ብናኝ ነው። ቁራጩ ፀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ውኃው ይፈነዳል፣ ከሰከንዶች በኋላ ነው ነጎድጓዱ የሚደርሰው። ድምፁን ሰምቶ የዞረ ሰው የሚያየው የቀረውን ማዕበል ነው። ስለዚህ ስልካችሁን ትታችሁ አንድ የተሰነጠቀ ቦታ ላይ ዓይናችሁን ትከሉ።

አሁን ወደ ዋጋው። ማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር ለአንድ ሰው ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰው ሲገባ ነው፣ መስኮት ለሌለው ክፍል ነው፣ ብዙውን ጊዜ ደግሞ የሜይ መጀመሪያ ወይም የሴፕቴምበር ማለቂያ ነው። ብቻችሁን ከሆናችሁ እጥፍ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። የወደብ ክፍያና ግብር ካልተካተተ በላዩ ላይ ይመጣል፤ የአላስካ ግዛት ብቻውን በነፍስ ወከፍ 34 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይወስዳል። ከዚያ ቲፕ። ቲፕ እንደ ውዴታ እንዳይመስላችሁ፣ በየቀኑ በራሱ ሒሳባችሁ ላይ ይመዘገባል። በቀን ለአንድ ሰው 17 ዶላር ብንል፣ ለሁለት ሰው በ7 ቀን 238 ዶላር ነው። ከዚያ ዋይፋይ። ከዚያ ለስላሳና ማኪያቶ፤ ውኃ፣ ሻይና ተራ ቡና ነፃ ነው። ልጆችን እንደ ሦስተኛና አራተኛ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ብታስገቡ ዋጋቸው ይቀንሳል፣ ግብሩና ቲፑ ግን ለእነሱም ሙሉ ነው የሚታሰበው።

ትልቁ ገንዘብ የሚፈሰው ደግሞ ወደቦቹ ላይ ነው። ሄሊኮፕተር ወደ ግግሩ አናት ለአንድ ሰው በመቶዎች ዶላር ነው። ቤተሰብ ይዛችሁ ከሆነ የሄሊኮፕተሩ ሒሳብ ከመርከቡ ቲኬት ሊበልጥ ይችላል፣ አልቀለድኩም።

በዚህ ሁሉ ላይ የቫንኩቨሩ የአንድ መንገድ ጉዞ የራሱ ወጪ አለው። ወደ ቫንኩቨር ትበራላችሁ፣ ከአላስካዋ ከተማ ከአንኮሬጅ ትመለሳላችሁ። ሱዋርድ ከአንኮሬጅ 200 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ባቡሩ አራት ሰዓት ይፈጃል፣ ያምራል፣ ግን ውድ ነው። ዊቲየር ይቀርባል፣ መውጫው ግን መኪናና ባቡር በየተራ የሚያልፉበት 4 ኪሎ ሜትር ዋሻ ነው። መርከቡ ጠዋት ያወርዳችኋል፣ ብዙ በረራዎች ደግሞ ማታ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ሻንጣ እየጎተቱ መዋል አለ። ሒሳቡ ሲደመር ከሲያትሉ ይበልጣል፣ አልዋሽም።

ታዲያ ለምን እሱን እመርጣለሁ? ልዩነቱን ከክፍሉ ላይ ማውጣት ስለሚቻል ነው። በረንዳ ያለው ክፍል መስኮት ከሌለው ጋር ሲነጻጸር እጥፍ የሚጠጋበት ጊዜ አለ። በረንዳ ደስ ይላል፣ እስማማለሁ፤ ግን አላስካ ውስጥ ብርድ ነው፣ ደግሞ የሚያሳያችሁ አንድ ጎን ብቻ ነው። ላይኛው ሰገነት ላይ ሆኖ ሁሉንም አቅጣጫ ማየት ነፃ ነው። በግግሩ ፊት መርከቡ ራሱ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ለሁሉም ይደርሳል፤ "የቀኝ ጎን ክፍል ነው" ተብሎ ተጨማሪ አትክፈሉ። መስኮት የሌለው ክፍል ይዞ ግሌሸር ቤይ መግባት በረንዳ ላይ ሆኖ ጉም ከማየት ይሻላል። ክፍል ውስጥ የሚውል አረጋዊ ይዛችሁ ከሆነ ግን ቢያንስ መስኮት ግዙላቸው።

ሌላው ባሕሩ ነው። ከቫንኩቨር የሚነሳው መርከብ በደሴቶች መካከል በተከለለው ውኃ ነው የሚሄደው፣ በመጀመሪያው ቀን ሁለቱንም ዳር ደን እያያችሁ ትነቃላችሁ። ከሲያትል የሚነሳው በአብዛኛው ከቫንኩቨር ደሴት በስተ ምዕራብ በክፍት ውቅያኖስ ነው የሚያልፈው። የመጀመሪያውን ቀን በማቅለሽለሽ ተኝቶ የሚያሳልፍ አለ። የሚያማችሁ ከሆነ መድኃኒቱን ከመሳፈራችሁ በፊት ውሰዱ፤ ማስታወክ ከጀመረ በኋላ እምብዛም አይረዳም። የአንድ መንገዱም ወደ ሀባርድና ወደ ሱዋርድ ሲል ክፍት ባሕር ያገኘዋል፣ ግን እስከዚያ ሰውነት ለምዷል።

ሦስተኛው ምክንያት ቪክቶሪያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ አለ፤ የውጭ ባንዲራ የያዘ መርከብ ከአሜሪካ ወደብ ተነስቶ ወደዚያው ሲመለስ መንገድ ላይ የውጭ አገር ወደብ መንካት አለበት። የክሩዝ መርከቦች ከሞላ ጎደል ሁሉም የውጭ ባንዲራ ነው ያላቸው። ስለዚህ የሲያትሉ መርከብ ካናዳ ውስጥ ቪክቶሪያ ላይ ይቆማል፣ ብዙ ጊዜ ማታ፣ ለጥቂት ሰዓት። ከተማዋ ቆንጆ ናት፣ ግን በዚያ ሰዓት ምን ይታያል? ለእሷ ለመድረስ ሲሉ ኬቺካን በምትባለው የአላስካ ወደብ ላይ ያለውን ሰዓት ያሳጥሩታል።

ጁኖ፣ ስካግዌይና ኬቺካን በሁለቱም መንገድ በብዛት አሉ። ስካግዌይ ላይ ከ1898 እስከ 1900 የተሠራው የኋይት ፓስ ባቡር ውድ ቢሆንም ከምትከፍሉባቸው ነገሮች ሁሉ አያስቆጭም። ጁኖ ላይ ሜንደንሆል ግግርን ለማየት የወደቡ ሚኒባስ ውድ ነው፤ የከተማው አውቶቡስ 2 ዶላር ነው፣ ካወረዳችሁ በኋላ ግን ሁለት ኪሎ ሜትር ከምናምን ትራመዳላችሁ። ኬቺካን ላይ መርከባችሁ ዋርድ ኮቭ ነው የሚቆመው ወይስ መሃል ከተማ የሚለውን አስቀድማችሁ እዩ፤ ዋርድ ኮቭ ከከተማው 11 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ አውቶቡሱ ነፃ ነው ግን ሰልፉ ጊዜ ይበላል። በራሳችሁ ጉብኝት ስትይዙ ርካሽ ይሆናል፣ ብትዘገዩ ግን መርከቡ አይጠብቅም። የመርከቡን ጉብኝት ከያዛችሁ ይጠብቃል። እኔ ወደቡ አጠገብ ላለ ነገር በራሴ፣ ራቅ ላለ ነገር በመርከቡ ነው የምይዘው። ስካግዌይ ላይ የስልካችሁን ሰዓት አትመኑ፤ የካናዳ አንቴና ከያዘ አንድ ሰዓት ሊያዛባባችሁ ይችላል።

ስለ ሱቆቹ ደግሞ ሆዴ ሙሉ ነው። መርከቡ ላይ "የሚመከሩ ሱቆች" ብለው ካርታ ያድሏችኋል፤ እነዚያ ለማስታወቂያ የከፈሉ ናቸው። ከወደቡ ፊት ለፊት የተደረደሩት የጌጣጌጥ ቤቶች ካሪቢያን ላይም የምታዩዋቸው ዓይነት ናቸው። ከሁሉ የሚያናድደው የቅርጻ ቅርጹ ነገር ነው። የነባር ሕዝቦች ሥራ ነው እየተባለ ከእስያ የመጣ ቅጂ ይሸጣል። ኬቺካን ውስጥ ሱቅ የነበራቸው ሰዎች ፊሊፒንስ ያስቀረጹትን የአላስካ ነባሮች ሥራ ነው ብለው በመሸጣቸው በ2023 ፌዴራል ፍርድ ቤት ፈርዶባቸዋል። ዕቃው ላይ የብር እጅ ምልክት ያለበትን የግዛቱን መለያ ፈልጉ፣ የቀራፂውንም ስም ጠይቁ። ሻጩ ስም ካልነገራችሁ ተዉት። ባለድቡን "በአላስካ የተሠራ" የሚለውን ምልክት ከዚህ ጋር አታምታቱት፤ እሱ የነባር እጅ መሆኑን አይናገርም።

የዝናብ ጃኬትም እዚያ አትግዙ። ኬቺካን በዓመት ከ3,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚጥልባት ከተማ ናት፤ ወደቡ ላይ የሚሸጠው ርካሽ ጃኬት ስፌቱ ላይ ውኃ ያስገባል፣ ዚፑም ቶሎ ይበላሻል፣ ጠጋኝ ደግሞ የለም። የሩቅ ማያ መነጽርም እንዲሁ፤ ውኃ የማያስገባ ካልሆነ በሁለተኛው ቀን ውስጡ ጉም ይሆናል፣ እሱ አይጠገንም፣ ይጣላል።

የሲያትሉን ለማን እመክራለሁ? ሲያትል በመኪና ለምትደርሱ፣ ትንንሽ ልጆች ላላችሁ፣ ከሳምንት በላይ ፈቃድ ለማታገኙ። በተለይ በአውሮፕላን ዋጋ ላይ ሦስትና አራት ሰው የሚደመር ከሆነ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ከቫንኩቨር ደርሶ መልስም አለ፤ መካከለኛ ነው፣ የተከለለውን ውኃ ታገኛላችሁ፣ ከአንኮሬጁ በረራ ትተርፋላችሁ፣ ሀባርድን ግን አብዛኛውን ጊዜ አታገኙም። አላስካ መሃል ያለውን ትልቁን ተራራ ዴናሊን ማየት የሚፈልግ ሰው ግን ምርጫ የለውም፣ የአንድ መንገዱ ነው።

ስለ ቪዛ ሳልናገር እንዳልቀር። ከሲያትል ስለተነሳችሁ ካናዳ አይመለከተኝም አትበሉ፣ ቪክቶሪያ አለች። ፓስፖርታችሁ ቪዛ የሚጠየቅበት ከሆነ በሁለቱም መንገድ የካናዳም የአሜሪካም ያስፈልጋችኋል፣ የአሜሪካው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ መሆን አለበት። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያላችሁ ካርዱንና ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርት ይዛችሁ ካናዳ ያለ ቪዛ ትገባላችሁ። ቫንኩቨር ላይ የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ፍተሻ ከመሳፈራችሁ በፊት እዚያው ካናዳ ፕሌስ ወደብ ላይ ነው፤ ሁለትና ሦስት መርከብ በሚነሳበት ቀን ሰልፉ ያሰለቻል። በረራችሁን ለዋዜማው ያዙ። በዚያው ቀን ጠዋት በርረው ሻንጣ ሲጠብቁ መርከቡ ያመለጣቸው ሰዎች አውቃለሁ፣ ቀጣዩ ወደብ ድረስ የከፈሉት የአውሮፕላን ቲኬት ከሁለት የሆቴል አዳር ይበልጥ ነበር።