ሦስት ካሴቶች በደሴ፦ ከክር ወደ ፍላሽ የሚቀዳ አንድ ቤት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ካለ ደረጃ ሥር፣ አሮጌ ካሴት ወደ ፍላሽ የሚቀዳ ቤት እንዳለ የጠቆመኝ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ነው። ቤቱ ማስታወቂያ የለውም። ውስጡ ሁለት ቴፕ፣ አንድ የሸክላ ማጫወቻ፣ አንድ ኮምፒውተርና ዕድሜያቸው የገፋ አንድ ባለሙያ አሉ። እኔም በአሰብ መስመር ተሳቢ ይነዳ የነበረው አባቴ ከወደቡ እየገዛ ያመጣቸውን ሦስት የፊልም ማጀቢያ ካሴቶች ይዤላቸው ሄድሁ። ካሴቶቹ ሃያ ዓመት በቁም ሣጥን ሥር የቆዩ በመሆናቸው፣ የደሴ ጭጋግ ሥራውን ሠርቶ በመስኮታቸው በኩል በክሩ ጠርዝ ላይ ነጭ ሻጋታ ይታይ ነበር። እርሳቸው አንዷን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩና «አብሽር ልጄ፣ ክሩ አልተበላም» አሉኝ። ወዲያው ማጫወቻ ውስጥ ከመክተት ይልቅ ክሩን በእጃቸው ቀስ ብለው እያጠነጠኑ ሻጋታውን በደረቅ ጨርቅ ሲጠርጉ ሳይ፣ የመጣሁበት ቤት ትክክለኛው እንደሆነ ገባኝ።

የመጀመሪያዋ ካሴት ኤንዮ ሞሪኮኔ እ.ኤ.አ. በ1966 ለወጣው «ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዚ አግሊ» የሠራው ሙዚቃ ነበረች። በዚህ ሥራ ውስጥ እንደ አውሬ ጩኸት ያለች አንዲት አጭር ጥሪ ለሦስቱም ዋና ገጸ ባሕርያት ታገለግላለች፤ የሚለያቸው ድምፁ ብቻ ነው፤ ለአንዱ ዋሽንት፣ ለሌላው ኦካሪና የተባለው ከሸክላ አፈር የሚሠራ የሚነፋ መሣሪያ፣ ለሦስተኛው ደግሞ የሰው ድምፅ። እኛ ቤት በነበረው ቴፕ ግን ዋሽንቱና ኦካሪናው ተመሳስለው፣ ሁለቱም ከብርድ ልብስ ሥር እንደሚነፉ ሆነው ይሰሙ ስለነበር፣ ልዩነቱን እስከ ዘንድሮ አላወቅሁትም ነበር። ባለሙያው ቀጭን ካቻቢቴ አንሥተው ከቴፑ ሄድ (ክሩን ከሚያነበው ክፍል) ጎን ያለችውን ብሎን በጥቂቱ አዞሩ፤ ወደ ግራ ሲያዞሩት ድምፁ ደበዘዘ፣ ወደ ቀኝ ሲመልሱት ጽናጽሉ በድንገት ጠርቶ ወጣ፣ ዋሽንቱም ትንፋሹ ተሰማ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ካሴቱ የተቀዳበት ቴፕ ሄድና የሚጫወትበት ቴፕ ሄድ በክሩ ላይ የሚያርፉበት አንግል ካልገጠመ ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል። ብዙ ቀጂዎች ግን ይህችን ብሎን ሳይነኩ ደብዛዛውን ድምፅ እንዳለ ቀድተው ያስረክባሉ። ለእኔ የከፈልሁበት ዋናው ነገር ይህ የካቻቢቴ ሥራ ነው።

ሁለተኛዋ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የህንድ ፊልም «ሾሌ» ሙዚቃ ያለባት ካሴት፣ መጀመሪያ አላስደሰተችኝም። ሹሹታውን ለማጥፋት ኮምፒውተሩ ላይ ማጽጃውን አብዝተውት፣ ሌሊት በረንዳ ላይ የምትነፋው ሃርሞኒካ ውኃ ውስጥ የገባች መስላ ነበር። ቅር መሰኘቴን ስነግራቸው ሳይከራከሩ፣ ተጨማሪ ገንዘብም ሳይጠይቁ ደግመው ቀዱልኝ፤ ሹሹታው ተመለሰ፣ ከእርሱም ጋር ሃርሞኒካዋ። በእኔ አስተያየት ካሴት ትንሽ መንሾካሾኩ ነውር አይደለምና፣ የምትሄዱ ሰዎች «አታጽዱት» ብላችሁ አስቀድማችሁ ብትናገሩ ይሻላል።

ሦስተኛዋ ካሴት ስም የላትም። አባቴ ከአንድ የወደብ ሠራተኛ እንደገዛት ብቻ ነበር የሚነግረን፤ ውስጧ ያሉት ዘፈን የሌላቸው አጫጭር ሙዚቃዎች ናቸው፤ አንዱ ሁለት ደቂቃ ተጫውቶ ያልቅና ወዲያው ያው ዜማ በግማሽ ደቂቃ ተቆርጦ ይደገማል። በልጅነቴ የካሴቱ ጉድለት ይመስለኝ የነበረው ይህ መደጋገም የላይብረሪ ሙዚቃ መለያው ነው። ላይብረሪ ሙዚቃ ለአንድ ለተወሰነ ፊልም የሚደረስ አይደለም፤ እንደ ለንደኖቹ ኬፒኤምና ደ ዎልፍ ያሉ ድርጅቶች አስቀድመው አስቀርጸው በመደርደሪያ ያስቀምጡታል፣ ፊልም ሠሪውም ሆነ ቴሌቪዥን ጣቢያው የሚስማማውን መርጦ የመጠቀሚያ ክፍያ ይፈጽማል። ሸክላዎቹ ለገበያ ስለማይቀርቡ፣ ሙዚቃውን ብዙ ሕዝብ እየሰማው የደራሲውን ስም የሚያውቀው ጥቂት ነው። በስልክ አፈላልገን ከካሴቷ ውስጥ ስሙን ያገኘንለት አንድ ሙዚቃ ብቻ ነው፤ የጆኒ ፒርሰን «ሄቪ አክሽን»፣ በአሜሪካ የሰኞ ማታ የአሜሪካን ፉትቦል ስርጭት መለያ ሆኖ የኖረው።

ያ አንድ ስም ግን ጠቀመን። ባለሙያው ዋናውን ቅጂ ከካሴቷ ጋር አስተያይተው ካሴቷ በግማሽ ቶን (በፒያኖ የአንድ ቁልፍ ልዩነት) ያህል ከፍ ብላ እንደምትሮጥ ደረሱበት፤ የወደቡ ሰው የቀዳበት ቴፕ ፍጥነቱ ዝግ ያለ ኖሯልና በደህና ቴፕ ሲጫወት ይፈጥናል። በዚሁ ልክ ሙሉውን ካሴት ዝግ አደረጉት፤ ሁለት ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ሁለት ደቂቃ ከሰባት ሰከንድ ገደማ ሆነ። ትክክል መሆኑን ባምንም፣ እኛ ቤት የሚታወቀው ፈጣኑ ነበርና የተስተካከለው ለጆሮዬ አዝኖ ቀረብኝ፤ ስለዚህ ሁለቱንም ተቀብያለሁ።

ሥራቸውን ሲጀምሩ ጆሯቸውን የሚያሟሹበት ሸክላ የሙላቱ አስታጥቄ ነው። «የከርሞ ሰው»ን ሲያስጀምሩ ቤቱ ጸጥ ይላል። ይህም ሥራ ቢሆን ከተቀረጸ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ውስጥ የፊልም ማጀቢያ ሆኗልና፣ ከሦስተኛዋ ካሴቴ ጋር ሳይዛመድ አይቀርም።

ነቀፋዬ ሁለት ነው። በሦስት ቀን ይደርሳል የተባለው በአሥራ አንድ ቀን ደረሰ፤ ከፊሉ የመብራት ጉዳይ ስለነበር አልፌዋለሁ። ያላለፍሁት ፋይሎቹን ሁሉ «ትራክ 01»፣ «ትራክ 02» ብለው ማስረከባቸው ነው፤ የሞሪኮኔዋ ካሴት ሽፋን ላይ ዝርዝሩ ተጽፎ ሳለ ማንም አልገለበጠውም። ስም በሌለው ሙዚቃ ላይ ይህ ቢደረግ ይገባኛል፣ ስም ባለው ላይ ግን ስንፍና ነው።

ለስድሳ ደቂቃ ካሴት 250 ብር፣ ለዘጠናው 350 ብር ከፍያለሁ። ያልተጨመቀውን ፋይል ጠይቁ፤ አንድ ሰዓቱ 635 ሜጋባይት ገደማ ስለሚይዝ ሰፋ ያለ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ዓርብ ከጁምዓ በፊት በሩ ይዘጋል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ይገኛሉ።