አባታችንን በምግብ ላበረቱልን ዳይቲሺያኖች ምስጋና

በዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ አባታችንን ያስታመሙልንን ሁለት የሆስፒታል ዳይቲሺያኖች (የሕሙማን አመጋገብ ባለሙያዎች) ሳላመሰግን ማለፍ አልፈልግም። ስላላስፈቀድኳቸው ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ለኃላፊያቸው ግን የምስጋና ደብዳቤ አስገብተናል።

ኦፕሬሽኑ በሰላም አልፎ ነበር፤ አቅማቸው ግን ከቀን ወደ ቀን ወረደ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለሆነ ዶሮና እንቁላል የያዘው ትሪ እንደመጣ ይመለሳል። የመጣችው ዳይቲሺያን «ይሄን ይብሉ» ብላ አልሄደችም። ድሮ ስንት ኪሎ እንደነበሩ፣ ቤት ምን ያህል እንጀራ እንደሚበሉ፣ ጾሙ ምን እንደሚከለክል በአስተርጓሚ ጠየቀች። የጆሮ ግንዳቸውንና የትከሻቸውን ዙሪያ ዳሰሰች፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ያለውንም ሥጋ ያዝ አድርጋ አየች።

ከዚያ የጻፈችውን አስረዳችን። ችግሩ፦ በቂ ጉልበት ሰጪ ምግብና ፕሮቲን አለማግኘት። መንስኤው፦ የሚቀርበው ምግብ የጾም አለመሆኑና የምግብ ፍላጎታቸው መዘጋቱ። ማስረጃው፦ ሳይነካ የሚመለሰው ትሪና የቀነሰው ክብደት። መንስኤው ቁልጭ ብሎ ስለተጻፈ መፍትሔውም እሱኑ ተከተለ፤ ምስር ሾርባ፣ የለውዝ ቅቤ፣ የአኩሪ አተር ወተት ታዘዘ፤ ጨው ያነሰው ሽሮ ከቤት እንድናመጣም ተፈቀደልን።

ከሁሉም ልቤን የነካው ግን የቅዳሜው ነው። ተረኛዋ ሌላ ሴት ነበረች። ታሪኩን ከሀ ጀምረን ልንነግራት ስንል፣ «ሽሮው ተስማማቸው?» ብላ ቀደመችን! ለካ ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ሥርዓት ነው። የአሜሪካ ዳይቲሺያኖች ማኅበር በ2003 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው አሠራር ሲሆን አራት ደረጃ አለው፦ መመርመር፣ ችግሩን ለይቶ መሰየም፣ እርምጃ መውሰድ፣ መከታተል። ሁሉም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ስለሚመዘግቡ ባለሙያ ሲቀያየር በሽተኛው መሀል ላይ አይወድቅም። ይሄ ተራ የወረቀት ሥራ አይደለም፤ የአባታችንን ጉልበት የመለሰልን እሱ ነው። በየሆስፒታሉ ያላችሁ ሐበሻ ዳይቲሺያኖች፣ እባካችሁ አጥብቃችሁ ያዙት።

ሰው የተኛባችሁ ደግሞ ነርሷን «ዳይቲሺያን ትይልን» በሏት። የቀድሞ ክብደታቸውንና የሚበሉትን ጽፋችሁ ያዙ። አስተርጓሚም ጠይቁ፤ በነጻ ማቅረብ የሆስፒታሉ ግዴታ ነው። እኛ ልጆች ከምንተረጉም እሱ ይሻላል፤ አባታችን ጥርሳቸው እያመማቸው ማኘክ እንዳቃታቸው የተናገሩት ለእኛ ሳይሆን በአስተርጓሚው በኩል ለዳይቲሺያኗ ነው፤ ምግቡም በዚያው ቀን ለስለስ ብሎ መጣላቸው።