ለቀዝቃዛ ክፍል የትኛው የግፊት ሴንሰር ይሻላል? ጅማ ላይ ለሚገዛ

ሴንሰር ሲበላሽ ብዙ ሰው አሮጌውን ፈትቶ ሱቅ ይሄዳል። «ይሄን የሚመስል ስጠኝ» ይላል። እዚሁ ጅማ አንድ ሆቴል ውስጥ የገጠመኝ ይሄው ነው። የአዲሱ ጥርስ ልክ ገባ፤ ጋዝም አያፈስም። ኮምፕሬሰሩ ግን ገና ከመነሣቱ ይጠፋል። በግፊት መለኪያ ጌጅ ስለካው 2 ባር አለ። የማሽኑ መቆጣጠሪያ ካርድ ግን ከዜሮ በታች ያሳያል። የድሮው ከ−1 እስከ 12 ባር የሚለካ ነበር፤ የተገዛው ከ0 እስከ 30 ነው። ካርዱ አሁንም በድሮው ልክ ስለሚያነብ ጋዙ ያለቀ መስሎት ያጠፋል። ሰዎቹ ጋዝ ሊያስሞሉ ነበር!

ለሥጋ ቤትና ለወተት መሸጫ ፍሪጅ ሜካኒካሉን ፕሬዠር ስዊች እመርጣለሁ። ቁጥር አያሳይም፤ ያበራል፣ ያጠፋል። መብራት ሲወዛወዝ የሚቃጠል ኤሌክትሮኒክስ የለውም። በካቻቪቴ ይስተካከላል።

ማሽኑ ካርድ ካለው ግን ምርጫው የእናንተ አይደለም፤ ካርዱ የሚቀበለውን መግዛት ግድ ነው። ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር የሚሰጠው ባለሁለት ሽቦ ለረጅም ኬብል ጥሩ ነው። ሽቦው ሲበጠስ ወደ 0 ስለሚወርድ ብልሽቱ ቶሎ ይታወቃል። ከ0.5 እስከ 4.5 ቮልት የሚሰጠው ባለሦስት ሽቦ ለአጭር ኬብል ይበቃል። ባለሦስት ሽቦ ሁሉ ግን አንድ አይደለም፤ 0–10 ቮልትም አለ። ጽሑፉን ሳታነቡ አትክፈሉ።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር። ጅማ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በ0.2 ባር ገደማ ያንሳል። ትንሽ ይመስላል፤ በዝቅተኛው ግፊት በኩል ግን ትንሽ አይደለም። ስዊቹ የሚለካው ከውጭው አየር ግፊት ጋር አነጻጽሮ ነው። አር134ኤ በሚባለው የማቀዝቀዣ ጋዝ 0.3 ባር ላይ ብታስተካክሉት ባሕር ዳርቻ ላይ ጋዙ −20 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ያጠፋል። እዚህ ግን ሳያጠፋ −24 አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ ወደ 0.5 ከፍ አድርጉት። ውስጡ የታሸገ ኤሌክትሮኒክ ሴንሰር ደግሞ ገና ሳይገጠም −0.2 ገደማ ሊያሳይ ይችላል። ተበላሽቷል ብላችሁ አትመልሱት፤ ጤነኛ ነው።

ክረምቱን አስቡና ሶኬቱ ውኃ የማያስገባ ይሁን። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት በአሮጌው ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ ባሩንም ሚሊአምፔሩን ወይም ቮልቱንም፣ በስልክ ፎቶ አንሱት። ዕቃው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ ፎቶውን ቀድማችሁ ላኩ።