ገብስማ ስላየን ብቻ ኮኮክ ገዛን አንበል

«ንጹህ ኮኮክ፣ የ45 ቀን፣ ሁሉም ሴት፣ ክትባት የጨረሰ፣ ያሉበት ድረስ እናመጣለን።» ይህን ማስታወቂያ ወይም መንትያውን በስልካችሁ ላይ ሳታዩት አትቀሩም። በእኛ ሰፈር ከአንዱ ሻጭ የገዙ ሰዎች ኪሳራ ውስጥ ገብተዋል። ሰውየውን ስም አልጠራም። ዘዴውን ግን ልዘርዝር፤ ምክንያቱም ስለ ዶሮ ትንሽ የሚያውቀውን ሰው ነው ይበልጥ የሚሸውደው።

መጀመሪያ ዶሮውን ለማታውቁት። ኮኮክ የደቡብ አፍሪካ ዝርያ ነው። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ በፖቸፍስትሩም ግብርና ኮሌጅ የተገኘ ሲሆን ጥቁር አውስትራሎርፕ፣ ነጭ ሌግሆርን እና ባለመስመሩ ፕሊማውዝ ሮክ አሉበት። እኛ አገር በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በኩል ተሞክሮ ወደ አርቢው ደርሷል። ላባው ጥቁርና ነጭ መስመር ነው፤ ገበያ ላይ ገብስማ የምንለው መልክ። ገራም ነው። ልጆች ሲያቅፉት ዝም ይላል፣ ግቢ ውስጥ ጭሮ ለመብላት አይሰንፍም፣ ከሌሎች ዶሮዎች ጋር ብዙም አይጣላም። ሴቷ ቡናማ እንቁላል ትጥላለች፤ በደንብ ከተያዘች በዓመት ወደ 200 ትጠጋለች። ለጓሮ ከዚህ የተሻለ ዶሮ አልፈልግም። ሰውም ይህን ስላወቀ ዋጋው ተሰቅሏል፤ ዋጋው ሲሰቀል ደግሞ አጭበርባሪው መጣ።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። ዝም ብለው አልገዙም። አስቀድመው የሚያውቅ ሰው ጠይቀዋል። የተነገራቸውም ትክክል ነው፦ «ኮኮክ ላይ ጾታ በመልክ ይለያል፤ ነጣ ያለው ወንድ ነው፣ ጠቆር ያለችው ሴት ናት።» ዶሮዎቹ ሲመጡ አንድ በአንድ አዩዋቸው። ሁሉም ጠቆር ያሉ ገብስማ ናቸው። መጠናቸው እኩል፣ ላባቸው የሚያብረቀርቅ። ቀሪውን ሂሳብ በቴሌብር ላኩ።

በሦስተኛው ወር ግድም አንዱ ለመጮህ ሞከረ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሁሉም።

ሲደውሉለት ሰውየው አልደነገጠም። «እማማ፣ ዶሮ እኮ ፋብሪካ አይደለም የሚሠራው፤ የእግዜር ነገር ነው። ለበዓል ይሽጧቸው፣ ያተርፋሉ» አላቸው። በሚቀጥለው ቀን ስልኩ አይሠራም።

እንግዲህ የእግዜር ነገር የተባለው ይሄ ነው። በዚህ ዝርያ ላይ መስመሩን የሚያመጣው ዘረመል ከጾታ ጋር የተያያዘ ነው። ወንዱ ከአባትም ከእናትም አንድ አንድ ይወርሳል፣ ስለዚህ ሁለት አለው። ነጩ መስመር ሰፍቶ መልኩ ነጣ የሚለው ለዚህ ነው። ሴቷ ከአባቷ ብቻ ነው የምትወርሰው፣ ስለዚህ አንድ ብቻ አላት፤ ጠቆር ትላለች። እስከዚህ ድረስ የጎረቤታችን አማካሪ ልክ ነበር።

አሁን ግን የኮኮክ ሴቶች ላይ ቀይ አውራ ዶሮ ልቀቁ፤ ሮድ አይላንድ ሬድ ይሁን የሐበሻ ቀይ። አባትየው መስመር የለውም። ሴቶቹ ጫጩቶች ከአባታቸው ብቻ ስለሚወርሱ ምንም መስመር አያገኙም፤ ጥቁር ሆነው ያድጋሉ፣ አንዳንዴ አንገታቸው ላይ ቀላ ይላሉ። ወንዶቹ ደግሞ ከእናታቸው አንድ ይወርሳሉ። አንድ ብቻ! ስለዚህ መልካቸው ልክ እንደ ንጹህ የኮኮክ ሴት ጠቆር ያለ ገብስማ ይሆናል። ባጭሩ ከእንዲህ ዓይነቱ ድቅል የሚወጣ ገብስማ ጫጩት በሙሉ ወንድ ነው። «ጠቆር ያለችው ሴት ናት» የሚለውን ደንብ የሚያውቅ ገዢ በገዛ እውቀቱ ወጥመድ ውስጥ ይገባል።

ድቅሉ በራሱ ነውር የለበትም። በሌላው ዓለም ጫጩት በተፈለፈለበት ቀን ጾታውን ለመለየት ሆን ተብሎ የሚሠራበት ነው። ጥቁሮቹ ሴቶች ጎበዝ እንቁላል ጣይ ናቸው። ነውሩ ወንዶቹን በቄብ፣ ማለትም እንቁላል ገና ባልጀመረች ሴት ዶሮ ዋጋ መሸጡ ላይ ነው። ጥቁሮቹን እህቶቻቸውንስ የት አደረሳቸው? ይኸው ሰው በሌላ ስልክ ቁጥር «ልዩ ጥቁር እንቁላል ጣይ» እያለ ይሸጣቸዋል። ፎቶው ላይ ያለው ግቢና አጥር ያው ነው። ከአንድ ቀፎ የወጣውን ሁለት ጊዜ አተረፈበት ማለት ነው።

ታዲያ እንዴት እንግዛ? እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ጥያቄ አለኝ፦ «ወንድሞቻቸውን አሳየኝ።» ንጹህ ኮኮክ የሚያራባ ሰው ጋ ከሚፈለፈለው ግማሽ ያህሉ ወንድ ነው። ሴቶቹን ለይቶ ከሸጠላችሁ ነጣ ነጣ ያሉት ወንዶች የሆነ ቦታ መኖር አለባቸው፤ ሸጧቸውም ከሆነ ፎቶ አይጠፋውም። አንድም ነጣ ያለ በሌለበት ሁሉም ጠቆር ያለ ገብስማ ከሆነ ተጠራጠሩ። እዚያው ግቢ ውስጥ በዕድሜ እኩያ የሆኑ ጥቁር ቄቦች ካያችሁ ደግሞ ቀብዱን በኪሳችሁ ይዛችሁ ውጡ።

ወላጆቹንም እዩ። እናቶቹን ማሳየት ይወዳሉ፣ ቆንጆ ገብስማ ስለሆኑ። እናንተ አባቱን ጠይቁ። አባቱም ገብስማ፣ ያውም ከሴቶቹ ነጣ ያለ መሆን አለበት። «አባቱ ሌላ ግቢ ነው ያለው» ከተባላችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

ከዚያ ኩክኒውን፣ አናቱ ላይ ያለውን ሥጋ፣ እዩ። በ45 ቀን ዕድሜ የወንዱ ኩክኒ ከፍ ብሎ መቅላት ይጀምራል፤ የሴቷ ገና ትንሽና የገረጣ ነው። የወንዱ እግርም ወፈር ይላል። ይህ ፎቶ ላይ አይታይም፣ በማታም አይታይም። ለጎረቤታችን ዶሮዎቹ የመጡት አምሽተው መሆኑን ልብ በሉ። መብራት በሌለበት ሰዓት ዶሮ አትረከቡ።

በነገራችን ላይ «ለመጣል የደረሱ ቄቦች» የሚባለውም ሌላ ጣጣ አለው። ከእርባታ ድርጅቶች ጊዜያቸውን ጨርሰው የሚወጡ አሮጌ እንቁላል ጣዮች አሉ፤ እነሱ ናቸው አንዳንዴ ቄብ ተብለው የሚመጡት። እግሯን ይዛችሁ ዳስሱት። የቄብ እግር ለስላሳ ነው፤ የአሮጊቷ ቅርፊቱ ሻክሯል። እንቁላል መውጫዋን ተመልከቱ፤ ያልጣለች ቄብ ጠባብና ደረቅ ነው ያላት፣ ብዙ የጣለች ሰፊና እርጥብ። ምንቃሯ ጫፉ የተቆረጠ ከሆነ የመጣችው ከትልቅ እርባታ ነው እንጂ «የገጠር አክስቴ ጓሮ» አይደለም።

ክትባቱን በተመለከተ ቃል አትመኑ። «ጨርሷል» ምን ማለት ነው? የፈንግል ክትባት የትኛው፣ በስንት ቀኑ? የሌላው የዶሮ በሽታ፣ የጉምቦሮውስ? ማን ከተበው? በደንብ የሚሠራ ሰው ቀንና የክትባቱን ስም የጻፈበት ወረቀት አለው። ክትባቶቹን ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርታቸዋል፤ ስለዚህ ሻጩ ስማቸውን እንኳ የማያውቅበት ምክንያት የለም። ምንም ቢላችሁ አዲሶቹን ከነባሮቹ ጋር ወዲያው አትቀላቅሉ። ሁለት ሦስት ሳምንት ለብቻቸው ይቆዩ፤ መጠጫቸውም ይለይ። ፈንግል አንዴ ግቢ ከገባ ነባሩንም ይዞ ነው የሚሄደው።

አንድ ነገር ደግሞ በጽሑፍ ይሁን። «ኮኮክ፣ ሴት፣ በዚህ ቀን የተፈለፈለ፣ ወንድ ከተገኘ ይቀየራል» የሚል አጭር መልእክት ሻጩ ይላክላችሁ። የከፈላችሁበትን ደረሰኝም አታጥፉ። ጎረቤታችን ሁሉንም በቃል ነበር የጨረሱት። አሁን የሚከሱበት ወረቀት የላቸውም፤ የወራት ኪሳራ ግን አላቸው። ኮኮክ እንቁላል የሚጀምረው አምስት ወር ገደማ ሲሆነው ስለሆነ እስከዚያ ድረስ መኖውን ከኪስ ነው የምታወጡት። ሰውየው የሚተማመነውም በዚህ ነው፤ እስክትነቁ ድረስ እሱ ሲም ካርዱን ቀይሯል።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ቀን ላይ ወጥታችሁ ኩክኒያቸውን እዩ። ቀልቶ ከቆመ ይጥላሉ ብላችሁ የእንቁላል ጣይ መኖ አትጀምሩላቸው። የዚያ መኖ ካልሲየም ለምትጥል ዶሮ የተመጠነ ነው፤ በማደግ ላይ ያለ ወንድ ከበላው ኩላሊቱ ይጎዳል። በእድገት መኖ ይቀጥሉ። ቦታ ከሌላችሁ ሁለት ሦስቱን አስቀርታችሁ ሌላውን ቀስ በቀስ ሽጡ፤ ብዙ አውራ በአንድ ጠባብ ቤት ሲያድግ ገራም የተባለውም ዶሮ መፋለሙ አይቀርም።