ቱሉ ዲምቱ ወይስ ገርጂ?

ታናሽ ወንድሜ በቅርቡ ዳሽ 8 የሚባለው የመንገደኞች አውሮፕላን ረዳት አብራሪ ሆኗል። አሁን ቤት መምረጥ አለበት።

ቱሉ ዲምቱ የእናታችን ኮንዶሚኒየም አለ። ኪራይ የለም፣ ትኩስ እንጀራ አለ። ገርጂ ያገኛት ስቱዲዮ ግን ደመወዙን ትበላለች። ጥቅሟ ቦሌ ኤርፖርት አፍንጫዋ ስር መሆኑ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ሥራ በመደበኛው 1,500 የበረራ ሰዓት ይጠየቃል። በ2009 እ.ኤ.አ. ቡፋሎ አጠገብ ከደረሰው አደጋ በኋላ የመጣ ሕግ ነው። ብዙዎቹ የዚያ አገር አብራሪዎችም ሥራ ለመግባት ራሱ ከሌላ ከተማ በአውሮፕላን ይመጣሉ። የኛ ልጅ ፈተናው መሬት ላይ ነው።

ንጋት 12 ሰዓት በረራ ካለው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይነሳል። እናታችን እንዳትነቃ ጫማውን በእጁ ይዞ ደረጃውን ሲወርድ አይቼዋለሁ። እሷ ግን ቀድማው ተነስታ ሻዩን በፔርሙዝ ሞልታለች። ሌሊት መንገዱ ጭር ያለ ነው። የሚያደክመው መመለሻው ነው፤ ጎሮ ላይ ከከባድ መኪና ኋላ ተሰልፎ እየተንፏቀቁ መሄድ።

እኔ ገርጂን እመርጣለሁ። ከኋላው 70 የሚያህል ሰው ተሳፍሯል፤ እንቅልፉ የሱ ብቻ አይደለም። ብሩ ከከበደው ከጓደኛው ጋር ይጋራት። እረፍቱን እናታችን ጋ ያሳልፍ።