አምባዛው ሲገረጣ፦ መመሳሰል ነው ወይስ ሕመም?

በአኳሪየም የሚኖር አምባዛ ቀለሙ ሲደበዝዝ ከአካባቢው ጋር እየተመሳሰለ ወይም እየታመመ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን መለየት የዓሣውን ሕይወት ያድናል።

መመሳሰሉ ፈጥኖ ይመጣል፣ ፈጥኖም ይመለሳል። በቆዳው ውስጥ ሜላኒን የተባለ ጥቁር ቀለም የያዙ ሴሎች አሉ፤ ሜላኒኑ በሴሉ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ይጠቁራል፣ ወደ መሐል ሲሰበሰብ ይነጣል። ፒያሳ በሚገኘው ቤቴ በማለዳ መብራት ሳበራ ኮሪዶራስ የሚባሉትን ትናንሽ አምባዛዎቼን የጎናቸው ነጠብጣብ እስኪጠፋ ድረስ ገርጥተው አገኛቸዋለሁ፤ ቁርሴን በልቼ ስመለስ ግን ነጠብጣቡ ደምቆ ይጠብቀኛል። ነጭ ጠጠር ላይ የሚኖሩትም ጥቁር አሸዋ ላይ ካሉት ይልቅ ፈዛዛ ናቸው፤ ይህ መድኃኒት አያሻውም።

የሕመም መገርጣት ግን ለቀናት ይቆያል፣ ብቻውንም እምብዛም አይመጣም። ክንፉ ይታጠፋል፣ ጢሙ እያለቀ ያጥራል፣ ሆዱ ሥር ቀይ መስመር ይወጣል፣ ስንጥቡም ቶሎ ቶሎ ይርገበገባል። በዚህ ጊዜ ከመድኃኒት በፊት ውኃው ይመርመር፤ ከዓሣው ቆሻሻ የሚፈጠሩት መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይት፣ ሁለቱም 0 መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ሩብ ያህሉን ውኃ ክሎሪኑ በተወገደና ሙቀቱ በተመጣጠነ ውኃ መለወጥ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ከቆላው ያነሰ ነውና፣ የአየር መንፊያው ሌሊትም ባይጠፋ እመርጣለሁ። መዳብ ያለበትን መድኃኒት በግምት መጨመር ቅርፊት የሌለውን አምባዛ ይበልጥ ይጎዳዋል።