«ዊንድሰር፣ ስቶንሄንጅና ባዝ በአንድ ቀን» የሚለውን ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት

ለንደን ዘመድ ለመጠየቅ የምትመጡም ሆናችሁ እንግዳ የምትቀበሉ ወገኖች፣ ሦስቱን ታሪካዊ ቦታዎች በአንድ ቀን እናሳያለን ለሚሉ የቡድን ጉዞ ሻጮች ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እንድታነቡ እጠይቃለሁ። ባለፈው ሐምሌ ከአሜሪካ ለመጡ ዘመዶቼ የገዛነው ጉዞ ከማስታወቂያው ጋር የተመሳሰለው በቦታዎቹ ስም ብቻ ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ ያሳዘነን የዊንድሰሩ ነው። እንግዶቼ የጓጉት ለቤተ መንግሥቱ ሳይሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1879 ገና በ18 ዓመቱ ያረፈው ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ አጠገቡ ከተቀበረበት፣ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ካለው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ገብተው፣ ለእርሱ የቆመውን የናስ መታሰቢያ ለማየት ነበር። ይህንንም ለሻጩ አስቀድመን በጽሑፍ ገልጸንለታል። ቤተ ጸሎቱ ግን እሑድ ለአምልኮ እንጂ ለጎብኚ ክፍት አይደለም፤ ሻጩ ይህን ሳይነግረን የእሑድ ትኬት ሸጠልን።

ጥንታዊ ግዙፍ ድንጋዮች በክብ በቆሙበት በስቶንሄንጅ፣ የመግቢያ ዋጋ በትኬቱ ውስጥ እንዳልተካተተ የሰማነው በር ላይ ደርሰን ነው። የጎብኚዎች መቀበያው ከድንጋዮቹ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅና ወደዚያ የሚወስደውን አውቶቡስ በሰልፍ መጠበቅ ስለሚያስፈልግ፣ ከተፈቀደልን አንድ ሰዓት እንኳ የማይሞላ ጊዜ አብዛኛው በመንገድ አለቀ። በማስታወቂያው ላይ ሰዎች በድንጋዮቹ መካከል ቆመው ይታያሉ፤ በመደበኛ ትኬት ግን የሚፈቀደው ከዙሪያው ባለው መንገድ ላይ ሆኖ ማየት ሲሆን፣ ወደ ውስጥ የሚገባው ከመደበኛው ሰዓት ውጭ በልዩ ምዝገባ ነው። ባዝ የደረስነው ሱቆች ሲዘጉ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመናቸው የኖሩበት ፌርፊልድ ሃውስም ከመሀል ከተማው ወጣ ያለ በመሆኑ በመርሐ ግብሩ አልነበረም።

ገንዘብ ማስመለስን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. የ2018ቱ የጥቅል ጉዞ ደንብ አዳር የሌለውንና ከ24 ሰዓት ያነሰ ጉዞ አይሸፍንም፤ ቀኑ ለተቆረጠ የመዝናኛ አገልግሎትም የ14 ቀን የመሰረዣ መብት አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ መሠረት ግን ሻጩ የነገራችሁና እናንተም አምናችሁ የገዛችሁበት ቃል እንደ ውል ስለሚቆጠር፣ ማስታወቂያውንና የተጻጻፋችሁትን ሁሉ አስቀምጡ። የአንዱ ትኬት ዋጋ ከ100 ፓውንድ በላይ ከሆነና በክሬዲት ካርድ ከከፈላችሁ፣ ካርዱን የሰጣችሁ ባንክም ከሻጩ ጋር እኩል ይጠየቃል። በባንክ ዝውውር ብቻ ክፈሉ የሚላችሁን ሻጭ ተዉት። የእኛው ሻጭ «መግቢያ አይጨምርም» የምትል ደቃቅ ጽሑፍ ከውሉ ግርጌ አሳይቶን፣ ስለ እሑዱ ግን አንዳች መልስ አልሰጠም።

ለልዑሉ ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ ከለንደኑ የዋተርሉ ባቡር ጣቢያ በቀጥታ ባቡር ዊንድሰር መድረስ ይቻላል፤ ቤተ መንግሥቱ ማክሰኞና ረቡዕ እንደወትሮው ስለሚዘጋ፣ ሰኞን ወይም ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ካሉት ቀኖች አንዱን ምረጡ፣ ቤተ ጸሎቱ በዚያ ዕለት ለጎብኚ ክፍት መሆኑንም ከመነሳታችሁ በፊት አረጋግጡ።